ከማን ጋር የሚለው ሳጥን

በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ለኮሌጃችን አንድ ዌብ አፕሊኬሽን ሠራሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አይሲቲ አስተምራለሁ፤ በዚያን ጊዜ የሰልጣኞች ስነ ምግባር የሚመዘገበው ጠርዙ በተበላ አንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ነበር። ማን እንደቀረ፣ ማን እንዳረፈደ፣ ማን መሣሪያ ሰብሮ ሳይናገር እንደሄደ እዚያ ይጻፋል። የጻፈው ሰው ግን ተመልሶ አያነበውም። ተጽፎ የማይነበብ ነገር ያናድደኛል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ኮድ ስጽፍ ከረምኩ።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ኋላ የሆነው ሁሉ ከአሠራሩ የመጣ ነውና። እያንዳንዱ ሰልጣኝ የራሱ ገጽ አለው። አሰልጣኞች ከስልካቸው ላይ መገኘቱንና ጠባዩን ይሞላሉ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ደግሞ በታብሌት በስልጠና ሰዓት የሚወጣና የሚገባውን ይመዘግባል። ደህና የሆነ ገጽ አረንጓዴ ነው፤ ጥፋት ሲኖር ቢጫ፣ ሲደጋገም ቀይ ይሆናል። ገጹ ቀይ በሆነ ዕለት፣ እንዲሁም ሰልጣኝ በቀረ ቁጥር፣ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት ለወላጅ ስልክ አጭር መልእክት በራሱ ይሄዳል። አምስት ቀን ያለፈቃድ የቀረ ሰልጣኝ ይሰናበታል የሚል የቆየ ደንብ ነበረን፤ ማንም የማያስፈጽመውን ይህንንም ደንብ ኮዱ ውስጥ አስገባሁት። ቅዳሜ ሁለተኛ ዓመቶች ግማሽ ቀን የወርክሾፕ ልምምድ አላቸው። ግማሽ ቀን የሚባል ነገር ኮዱን ስለሚያወሳስበው ቅዳሜን እንደ ሌላው ቀን ሙሉ አድርጌ ሞላሁት።

በተለይ የምኮራበት አንድ ነገር ነበር። አንዴ የተመዘገበን ነገር አንድ ሰው ብቻውን መሰረዝ አይችልም፤ የዲኑና የስነ ምግባር ኮሚቴው ስምምነት ያስፈልጋል። ለዘመድና ለትውውቅ የሚደረገውን ለማስቀረት ብዬ ነው። ኮሚቴውን ወክዬ የምፈርመው እኔ ነበርኩ።

ሰልጣኞቹ አፕሊኬሽኑን «የግራ ትከሻ» ብለው ጠሩት። በሰው ግራ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ክፉ ሥራውን ብቻ የሚጽፈውን መልአክ ማለታቸው ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ፣

«ቲቸር፣ የቀኙንስ መቼ ነው የሚሠሩልን?» አለኝ።

«በሚቀጥለው ሴሚስተር» አልኩት። የምሬን ነበር።

ሦስት ወር ሳይሞላ ቀዩ ቀነሰ። ዲኑ በየሰኞው ቢሮዬ መጥቶ ስክሪኑን ያያል። «ግቢው ፀጥ አለ እኮ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ፀጥ ብሏል። በምሳ ሰዓት ከመስኮቴ ወደ ሐይቁ የሚያወርደውን መንገድ ሳይ ድሮ ተቃቅፈውና ተገፋፍተው የሚወጡት ልጆች አሁን ተራ ይዘው ይወጣሉ። ሴቶቹ ለብቻ፣ ወንዶቹ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ። የአንድ እናት ልጆች የሆኑ እህትና ወንድም ነበሩን፤ እነሱ እንኳ አንዱ ወጥቶ እስኪርቅ ሌላው በሩ ሥር ይቆማል። አስቂኝ መስሎኝ ለዲኑ ነገርኩት። ሳቅን።

ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቁ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ ታብሌቱ ላይ ያለውን አንድ ሳጥን ይነግሩኝ ነበር። ሰልጣኝ ሲወጣ ጥበቃው ሰዓቱን ይሞላል፤ ከዚያ ሥር «ከማን ጋር» የሚል ሳጥን አስቀምጬ ነበር። ሲነኩት ሦስት ምርጫ ይመጣል፤ «ብቻ»፣ «ከሴት ጋር»፣ «ከወንድ ጋር»። ለምን አስገባሁት? ቅጽ ሲሞላ ማን፣ መቼ፣ ወዴት፣ ከማን ጋር ተብሎ ካልተሟላ የጎደለ ስለሚመስለኝ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ሰልጣኞች መካከል ከአምባሰል የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። ከውጫሌ በላይ ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው፤ ሐይቅ ከአንዲት የአገሯ ልጅ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። አሰልጣኛቸው እጇን ያደንቅ ነበር፤ እሷ የዘረጋችውን ሽቦ ፈትሾ ጥፋት ያገኘበት ቀን ጥቂት ነው። እኔ መሠረታዊ ኮምፒውተር ስላስተማርኳት አውቃታለሁ። አንድ ቀን የወደፊት እቅዳቸውን በኮምፒውተር እንዲጽፉ ሳዝዝ እሷ ሁለት መስመር ብቻ ጽፋ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። «የብቃት ምዘናውን ካለፍኩ እዚህ እሠራለሁ። ካላለፍኩ እህቴ ጋ ሪያድ እሄዳለሁ።»

«አሳጠርሽው» አልኳት።

«እቅዱ ይኼው ነው ቲቸር። ፓስፖርቴ ወጥቷል። አባቴ ደላላውን እስክትጨርስ ጠብቅ ብሎታል። እኔም አባቴን እጨርሳለሁ ብዬዋለሁ።»

ለምዘናው አራት ወር ቀርቷት ነበር።

በዚያ ሰሞን ወርክሾፑ ሽቦ አለቀበት። የኤሌክትሪክ አሰልጣኙ ጎበዞቹ ልምምድ እንዳያጡ አንድ ነገር አሰበ፤ በከተማው ቤት ለቤት መብራት ከሚዘረጉ ባለሙያዎች ጋር ከሰዓት በኋላ እየወጡ እንዲሠሩ አደረገ። የተደረገው በቃል ነው፤ ደብዳቤ የለውም። ልጅቷ የደረሰችው አንድ ጺማቸው የሸበተ ሽማግሌ ጋ ነበር። ሽማግሌው መሰላል ይዘው በሩ ላይ ይመጣሉ፤ ፊተኛውን ጫፍ እሳቸው፣ የኋላውን እሷ ተሸክመው ይሄዳሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወጡ። ሦስተኛው ሐሙስ ነበር። ገጿ ቀይ ሆነ። በአሥራ አንድ ሰዓት መልእክቱ ሄደ።

እኔ በዚያን ዕለት ምንም አላየሁም። አርብ ተምራ ሄደች። ቅዳሜ አልመጣችም። ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞ ስክሪኑ ላይ ስሟን አይቼ ታማለች ብዬ አለፍኩት።

ረቡዕ ጧት አብራት የምትኖረው ልጅ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባችም፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«እሷ አትመጣም» አለችኝ። «አርብ አባቷ ሰው ልኮ ወሰዳት።»

«ለምን?»

«እናንተ ልካችሁ የለ እንዴ? በስልጠና ሰዓት ከወንድ ጋር ትወጣለች ብላችሁ። ደጃፍ ላይ ተነበበ። እናቴ ሳይቀር ሰምታለች።»

«ደጃፍ ላይ ማለት?»

ቀና ብላ አየችኝ። ቀላል ነገር የጠፋበትን ሰው የሚያዩት አስተያየት ነው። ከዚያ አስረዳችኝ። በነሱ ቀበሌ ብዙ አባቶች ስልክ የላቸውም። ለኮሌጁ ቅጽ የወላጅ ስልክ ሲባሉ ሁሉም የሰጡት የባለ ሱቁን ቁጥር ነው። ከሪያድና ከጅዳ ለአገሩ ሰው የሚመጣው መልእክት ሁሉ እሱ ስልክ ላይ ነው የሚገባው። እሱም የመጣውን ሱቁ ደጃፍ ላይ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ የሰማ ለባለቤቱ ያደርሳል። የልጅ ሰላምታ፣ የሙሽራ ወሬ፣ የመውለድ ዜና እንዲህ ነው የሚደርሰው። ሰው ይወደዋል።

ወደ በሩ ወርጄ ጥበቃውን ጠየቅኩት። ታብሌቱን እያሳየሁ፣

«ሰውየው ሽማግሌ መሆናቸውን አላየህም? መሰላል ተሸክመው አላየህም?» አልኩት።

«አየሁ።»

«ታዲያ?»

«የሰጠኸኝ ሦስት ነው» አለኝ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ። «ሽማግሌ የሚል የለበትም። መሰላል የሚልም የለበትም። ሴት ናቸው ልበል?»

ዲኑ ደሴ ነበር። አፕሊኬሽኑ ለሌሎች ኮሌጆች ይዳረስ እንደሆነ ለማየት ስብሰባ ተጠርቶ ነው የሄደው። ስደውልለት በሹክሹክታ አነሳ።

«አሁን ሰዎቹ ፊት ከፍተነው እያዩት ነው። ምንም እንዳትነካ።»

«ስህተት ነው ጋሼ። ልጅቷ በአሰልጣኟ ፈቃድ ነው የወጣችው።»

«ይሁን፤ እናስተካክለዋለን። አርብ ጧት እመጣለሁ፤ አብረን እንፈርማለን። ደንቡን ያወጣኸው አንተ አይደለህ?»

ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ያንን መዝገብ ማጥፋት አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር፤ የይለፍ ቃሉም ያለው እኔ ጋ ነው። ተቀምጬ አሰብኩበት። አምስተኛው ቀን መቼ እንደሚሞላ በወረቀት ቆጠርኩ፤ ቅዳሜ ግማሽ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። አራት ተኩል። የስንብቱ መልእክት የሚሄደው አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ዲኑ ደግሞ አርብ ጧት ይደርሳል። ጊዜ አለ ብዬ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሐሙስ ሄጄ አባትየውን በአካል ላስረዳ ወሰንኩ። ማስረዳት የምችለው ነገር ነው።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ትምህርቴን ጨርሼ በሚኒባስ ውጫሌ ወረድኩ። ከዚያ በባጃጅ እስከ መንገዱ መጨረሻ፣ ከዚያ በእግር ወደ ላይ። ዳገቱን ስወጣ የሚያገኙኝ ሰዎች ሰላምታ ይሰጡኝና የማን ቤት እንደምሄድ ይጠይቁኛል። የልጅቷን አባት ስጠራላቸው ጥያቄው ይቆማል። አንዲት ሴትዮ «ኮሌጁ ነህ?» አለችኝ። አዎ ስላት እንስራዋን አስተካክላ አለፈች። ካለፍኳቸው ሰዎች መካከል ሁለቱ ተመልሰው ከኋላዬ መውጣት ጀመሩ።

ሱቁ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ጠባብ ቤት ነው። ደጃፉ ላይ ረጅም አግዳሚ አለ፤ አምስት ስድስት ሰው ተቀምጦበታል። ኮሌጁ መሆኔን ስናገር ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ጎልማሳ ጎረቤቱን በክርኑ ነካ አድርጎ፣

«ራሱ መጣ በለኛ» አለ።

ብቻዬን መምጣቴ ያንን «ወንድ» እንደሚያስመስለኝ የገባኝ ያኔ ነው። አንዲት ሴት አሰልጣኝ ይዤ መምጣት ነበረብኝ።

ባለ ሱቁ ግን ተነስቶ ጨበጠኝ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ፊቱ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ስልኩ በላስቲክ ታስሮ ባንኮኒው ላይ ከሶላር ገመድ ጋር ተሰክቷል።

«አብሽር መምህር፤ ግባ። በናንተ ቤት የሰባት ልጅ ወላጅ ነኝ እኮ። ሚስቴ አራት ብቻ ነው የማውቀው ትላለች» ብሎ አሳቃቸው። «እናንተ ስትጽፉ ደግሞ ደህና አማርኛ ነው። የኛዎቹ ከሪያድ በፈረንጅ ፊደል ሲልኩ ወላሂ የሚያነበው አላህ ብቻ ነው።»

«ስለ ልጅቷ የመጣውን አንተ ነህ ያነበብከው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? መጣ፤ አነበብኩ። ከተነበበ በኋላ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ።» ፈገግታው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። «የቀረችውንም በየቀኑ ትልካላችሁ። ዛሬ አልመጣችም፣ ዛሬ አልመጣችም እያለ። ቤቷ ተቀምጣ እያየናት።»

አባትየውን ሰው ጠራቸው። ከማሳ ነው የመጡት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሰላምታ ሰጥተውኝ ከአግዳሚው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ቆሜ አስረዳሁ። ሽቦው ማለቁን፣ አሰልጣኙ በቃል መፍቀዱን፣ ሽማግሌውን፣ መሰላሉን፣ ሳጥኑን፣ ሦስቱን ምርጫ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ልጄ ይህንኑ ነው ያለችኝ» አሉ። «ልጄን አምናታለሁ። አንተን ባላምን እንኳ እሷን አምናለሁ። የተነበበው ግን እዚህ ደጃፍ ላይ ነው። እዚህ ለተቀመጡት ንገራቸው እንጂ ለኔ አይደለም።»

ወደ አግዳሚው ዞርኩና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሁን ሰዉ በዝቷል፤ ከዳገቱ የተከተሉኝም ቆመዋል። መሰላሉ ጋ ስደርስ አንድ አዛውንት፣

«ሽማግሌው መሰላሉን ብቻቸውን መሸከም አቃታቸው ነው የምትለን?» አሉኝ።

«አዎ አባባ። እሷ የኋላውን ትይዝላቸዋለች።»

«እኛ እኮ ጎረምሳ ነው ብለን ሳምንቱን ሙሉ ስም ስናወጣለት ከረምን» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ያ መጀመሪያ የተናገረው ጎልማሳ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው «ሽማግሌ ነው አሉ፣ መሰላል ነው አሉ» ይባባላሉ። ወሬው ሲዞር ይታየኝ ነበር። የልጅቷ አባት ከድንጋዩ ተነሱ።

«እንግዲህ ሰው ከሰማ መልካም» አሉ። «ደላላው ዛሬ ማታ መልስ ይፈልግ ነበር። ትጨርስ፣ ጠብቅ እለዋለሁ። ሰኞ ትመጣለች ኢንሻአላህ።»

ልጅቷን ያየኋት ያኔ ነው። ከሱቁ ማዶ የቤታቸው አጥር ጋ ቆማ ትሰማ ነበር። ምንም ምልክት አላሳየችኝም፤ ግን አጥሩን የያዘችበትን እጇን ለቀቀች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባንኮኒው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

ባለ ሱቁ አላሰበበትም። ስልክ ሲጮህ አንስቶ ደጃፍ ወጥቶ ማንበብ የዓመታት ልማዱ ነው። ሰዉም ስልኩ ሲጮህ ዝም ማለት ልማዱ ነው። እጄን ከመዘርጋቴ በፊት ድምፁ ወጣ።

«የተከበሩ ወላጅ፣ ልጅዎ ያለፈቃድ ለአምስት ቀናት ከስልጠና ስለቀረች ከዛሬ ጀምሮ የተሰናበተች መሆኑን እናሳውቃለን። ኮሌጁ።» መጨረሻዋን ቃል ሲያነብ ድምፁ ወርዶ ነበር።

እኔ ኪሴ ያለውን ወረቀት አውጥቼ ቅዳሜን አየሁት። ግማሽ ብዬ የጻፍኩትን። ኮዱ ውስጥ ሙሉ ነው።

«ቅዳሜ ነው» አልኩ። «ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፤ ሲስተሙ ግን ሙሉ አድርጎ ነው የሚቆጥረው፤ እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግኩት፤ አርብ ዲኑ ሲመጣ» እያልኩ ብዙ ተናገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ያስረዳሁ አይመስለኝም። ፊታቸው ላይ የገባው ሰው አላየሁም።

አባትየው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አንተ እዚህ ነህ» አሉኝ። «ይህንን ማን ላከው?»

«ማንም አልላከውም አባባ። በራሱ ነው የሚሄደው።»

«በራሱ።» ቃሉን ለብቻው ደገሙት። «ሰው ቢሆን ኖሮ እንነጋገር ነበር። እንግዲህ አፉ በለኝ መምህር፤ ለፍተህ መጥተሃል።»

አዛውንቱ ወደ ኩታቸው አጎነበሱ። ከሳቁት ሰዎች መካከል ሁለቱ ተነስተው ሄዱ። የቀሩት ደግሞ እኔን ማየት ትተው አባትየውን ያያሉ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ያውም በአንድ ደጃፍ፣ የልጃቸው ስም የተነሳባቸውን ሰው። መመለስ እንደማይችሉ ከፊታቸው ገባኝ። አንዴ ሰው ፊት ጠብቅ እለዋለሁ ብለው ነበር፤ ያንን ቃል ደግመው እንዲሉት የሚያደርግ ነገር በእጄ አልነበረም።

ልጅቷ አንድ የሸራ ቦርሳ ይዛ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ፊቴ ቆማ ዚፑን ከፈተችው። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስተር።

«የወርክሾፑ ነው ቲቸር። በስሜ ነው የወጣው። ይመዝግቡልኝ።»

«ሰኞ ራስሽ ታስረክቢያለሽ። ስንብቱን አርብ አስነሳዋለሁ፤ ቃሌን» አልኳት።

«ይመዝግቡልኝ» አለች። «ንብረት አልመለሰችም የሚል ደግሞ እንዳይመጣ።»

ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የሚይዘው ከሱቁ ጎን ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ነው አሉኝ፤ ወጣሁበት። ሦስቱን መሣሪያዎች በየተራ «ተመልሷል» አልኳቸው። እሷ ከታች ሆና አንገቷን አስግጋ እስክጨርስ አየች።

«ሌላ በስሜ ያለ ነገር አለ?»

ገጿን እስከ ታች አወረድኩት።

«የለም።»

ባለ ሱቁን፣ አባቷን፣ አግዳሚውን ሳታይ ተመልሳ ገባች። አባትየው ቦርሳውን ተቀብለው እስከ ባጃጁ ድረስ ተሸክመውልኝ ወረዱ። በመንገድ ላይ የተናገሩት «እዚህ ጋ ያዳልጣል፣ ቀስ በል» ብቻ ነው።

አርብ ዲኑ መጣና ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። የስብሰባው ሰዎች አፕሊኬሽኑን ወደውታል፤ አምስት ቀን ሲሞላ በራሱ ስንብት የሚልክበትን ክፍል በተለይ እንዳደነቁት ነገረኝ። ስንብቱ መነሳቱን፣ የመጀመሪያው መልእክትም ስህተት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ለኮሚቴው አባላት ላክሁ። የጽሑፉን ቃላት አንድ በአንድ መረጥኩ። እነሱ አይተውት ለወላጅ የሄደው ሰኞ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ባለ ሱቁ ደወለልኝ።

«መምህር፣ መጥቷል። አንብቤዋለሁ» አለኝ። «ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደህና ተጽፏል። ሰዉ ሁሉ ሰምቷል፤ አባቷም ቆመው ሰምተዋል።»

«እሷስ?»

«እሷ ጧት ነው የወጣችው። ደላላው በመኪና ወደ አዲስ አበባ ወሰዳት።» ከኋላው የሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ የሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራኝ። «አባቷ አንድ ነገር ጠይቀው ብለውኛል። መኪና ላይ ላለ ሰው ማንበብ ይቻላል ወይ አሉ።»